ለአንድ ጀልባ ሁለት መሪ፤ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር

ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌና በጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች ተሳላሚና አገር ጎብኝ ከሚያመላልሱት ሞተር ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚነዱት ከአንድ ስፍራ ብቻ ነው። ነጂው ከጀልባው ፊት ተቀምጦ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው እጁ የሞተሩን መቈጣጠሪያ ዘንግ ይዞ ይጓዛል። ለተለመደው መንገድ ይህ አሠራር በቂ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ጀልባው በርዝመት ሲያድግ፣ መስታወት ያለው ክፍልና ጣራ ሲጨመርለት፣ ባለቤቱ አንድ ቀን «ሁለተኛ መሪ ይተከልልኝ» የሚል አሳብ ይዞ ወደ ዕቃ አስመጪው መምጣቱ የማይቀር ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ መዘውር፣ አንድ የሞተር መቈጣጠሪያ ዘንግ፣ ይህን ያህል ሜትር ካቮ ተብሎ በአንድ ቅጠል ወረቀት ይጻፍና ፕሮፎርማ ይጠየቃል። ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን እስኪፈቅድ፣ ዕቃው ተጭኖ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከጉምሩክም እስኪወጣ ድረስ ወራት ያልፋሉ። በመጨረሻ ሣጥኑ ተከፍቶ ሜካኒኩ ሥራ ሲጀምር አዲሱ መሪ ከአሮጌው ጋር አልጋጠም ይላል፤ ወይም ይጋጠምና ሁለቱ መሪዎች እርስ በርሳቸው ይታገላሉ። የጐደለው ዕቃ ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ትንሽ ብረት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርሱን ለማምጣት ያው የወራት ጕዞ እንደ ገና መጀመር አለበት፤ ጀልባውም የጥምቀትን ሰሞን በወደብ ታስሮ ያሳልፈዋል።

ይህ ሁሉ ኪሣራ የሚመጣው ከአንድ ስሕተት ነው። በአንድ ጀልባ ላይ ሁለት መንጃ ስፍራዎች ሲኖሩ፣ ከሁለቱ በዚህች ሰዓት የሚያዘው የትኛው እንደ ሆነ የሚወስን ሌላ ሦስተኛ ዕቃ ያስፈልጋል። ሻጩም ገዢውም የሚዘነጉት ይህንኑ ሦስተኛውን ነው።

ሁለተኛው መሪ ለምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ የሚታዘዘው ዕቃ ዓይነት ከዚሁ ይወሰናልና። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ የጠለቀው ስፍራው እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። በዳርቻው ከውኃ በታች የተሰወረ ድንጋይ ይገኛል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳም ከውኃው ብዙ ከፍ ስለማይል፣ በተለይ ፀሐይ በውኃው ላይ ስታንጸባርቅ፣ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ነጂ ቶሎ አይታየውም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ፕሮፔለሩን የሚያንቅ ስለ ሆነ ከሩቅ አይቶ መሸሽ ያሻል። ለዚህ ሁሉ ዐይን ከፍ ማለቱ ይጠቅማል። ስለዚህ አንዳንዱ ባለ ጀልባ ሁለተኛውን መሪ በጣራ ላይ ይፈልገዋል፤ በዝናብ ጊዜ ከታች፣ በብራ ጊዜ ከላይ ሆኖ ሊነዳ። ሌላው ደግሞ ወደ ወደብ ሲጠጋ የጀልባውን ጀርባ እያየ ለማስጠጋት፣ ወይም መረብ እየሳበ ጀልባውን በዝግታ ለማንቀሳቀስ ብሎ ከኋላ በኩል ይፈልገዋል። የጣራው መሪ ረጅም መንገድ የሚነዳበት ነው፤ የኋለኛው ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያዝ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከሁለቱ አንዱን ደንበኛ ያለ ምክንያት ያስወጣል።

ሥልጣን ከአንዱ መንጃ ስፍራ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምን ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ለመረዳት ከትንንሽ ጀልባዎች ዓለም ወጣ ብሎ አንድ የታወቀ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ 15 ቀን (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 21 ቀን 2017) ጎሕ ከመቅደዱ በፊት፣ ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኀይል የጦር መርከብ በሲንጋፖር የባሕር መተላለፊያ አጠገብ አልኒክ ኤም. ሲ. ከተባለች ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። በኋላ በተደረገው ምርመራ የመርከቡ መሪ እንዳልተሰበረ ታወቀ። የሆነው ይህ ነው፤ መሪውንና ፍጥነቱን አንድ መርከበኛ ብቻውን ይዞ ሲቸገር አዛዡ አይቶ፣ ፍጥነቱን በአጠገቡ ባለው መንጃ ስፍራ የተቀመጠ ሌላ መርከበኛ እንዲይዝለት አዘዘ። ሥራው ሲከፈል ግን መሪውም ሳይታወቅ አብሮ ወደዚያ ተላለፈ። የቀድሞው መሪ ያዥ መዘውሩ እንደማይታዘዝለት ባየ ጊዜ መሪው ጠፋ ብሎ ጮኸ። ፍጥነት እንዲቀነስ ሲታዘዝም የሁለቱ ፕሮፔለሮች መቈጣጠሪያ ተለያይቶ ስለ ነበር የግራው ብቻ ቀነሰ፤ መርከቡም ወደ ግራ ዞሮ በሌላዪቱ መንገድ ላይ ገባ። በ2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኀይል በእነዚህ መርከቦች ላይ በመስታወት ላይ የሚነካውን የፍጥነት መቈጣጠሪያ ትቶ በእጅ ወደሚጨበጠው ዘንግ እንደሚመለስ አስታወቀ።

የጦር መርከብና የጣና ጀልባ በመጠን አይወዳደሩም። ሆኖም በጣራው ላይ ያለው ነጂ «ከታች ያለው ይዞታል» ሲል፣ ከታች ያለውም «ከላይ ያለው ይዞታል» ሲል የሚደርሰው ነገር አንድ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። የትንንሽ ጀልባዎች መሪ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ በካቮ ወይም በዘይት ግፊት። ካቮ የሚባለው ሜካኒኮች እንደሚያውቁት በሽፋን ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት የብረት ገመድ ነው። በዚህ መንገድ ሁለተኛ መሪ ሲጨመር ከእያንዳንዱ መዘውር አንድ አንድ ካቮ ወደ ሞተሩ ይሄድና ሁለቱ በአንድነት ይታሰራሉ። አንዱ መዘውር ሲዞር ሌላውም ባዶውን ይዞራል። የነጂው እጅ የሁለቱንም ካቮዎች ክብደት ይሸከማል፤ አንዱ ዝጎ ቢጣበቅም ሁለቱም ይያዛሉ። ስለዚህ ርካሽ ቢሆንም ለሁለት መንጃ ስፍራ የሚመከር አይደለም።

በዘይት የሚሠራው ግን ለዚህ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። መዘውሩ ትንሽ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ገፍቶ ከሞተሩ አጠገብ ወዳለው ሲሊንደር ይልከዋል፤ ሲሊንደሩም ሞተሩን ወይም ከውኃ በታች ያለውን የመሪ ሰሌዳ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞረዋል። ለሁለተኛው ስፍራ ሁለተኛ ፓምፕ ይጨመርና ሁለቱ የግፊት ቱቦዎች ባለ ሦስት አፍ በሆኑ ሁለት መገናኛዎች ላይ ይቀጠላሉ። ከዚህም ሌላ የሁለቱን ፓምፖች የዘይት ማጠራቀሚያ የሚያገናኝ ሦስተኛ ቱቦ አለ፤ እርሱ ከሌለ አንዱ ፓምፕ ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ባዶ ይሆናል። በትእዛዝ ወረቀት ላይ ዘወትር የሚረሳው ይህ ሦስተኛ ቱቦ ከነመገናኛው ነው።

ሥልጣኑን የሚለየው ዕቃ በዚህ ዓይነት መሪ ውስጥ በፓምፑ ሆድ ያለ ማገጃ ቫልቭ ነው። የላይኛው መዘውር ሲዞር የተገፋው ዘይት ተመልሶ የታችኛውን እንዳያዞር፣ ውኃውም መሪውን ሲመታ ነጂውን እንዳይገፋው ያግደዋል። ስለዚህ ሁለቱም ፓምፖች ማገጃ ቫልቭ ያላቸው መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ ለባለ ሱቆች አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በካቮ ከሚሠሩት መሪዎችም መካከል ነጂው እጁን ሲያነሣ መዘውሩ በቆመበት እንዲጸና የሚያደርግ መቈለፊያ ያላቸው አሉ፤ በነጠላ መሪ ላይ መልካም ነገር ስለ ሆነ በካታሎግም ተመስግኖ ይታያል። በካቮ የሚሠራ ሁለት መሪ ላይ ይህ ዓይነቱ ሲገጠም ግን አንዱ ሌላውን አንቆ ይይዘዋል። ለዘይቱ የግድ የሆነው ጠባይ ለካቮው ጥፋት ነው ማለት ነው፤ ሁለቱም በካታሎግ ላይ በሚቀራረብ ቃል ስለሚጻፉ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

የፓምፑ መጠንም በግምት አይታዘዝም። ሲሊንደሩ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ 140 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ዘይት የሚፈልግ ቢሆንና ፓምፑ በአንድ ዙር 28 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ቢሰጥ፣ መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ለማድረስ መዘውሩ 5 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር 20 የሚሰጥ ፓምፕ ቢተከል 7 ጊዜ መዞር አለበት፤ ለእጅ ይቀላል፣ ለመታጠፍ ግን ይዘገያል። ከላይ አንድ ዓይነት፣ ከታች ሌላ ዓይነት ፓምፕ ከተተከለ ደግሞ ነጂው ስፍራ በለወጠ ቍጥር እጁ ይሳሳታል። ስለዚህ አዲሱ ፓምፕ የአሮጌው እኩያ እንዲሆን፣ ከተቻለም ከአንድ ፋብሪካ እንዲመጣ ያስፈልጋል።

ዘይቱን በተመለከተ ሠሪው ያዘዘው ዓይነት ብቻ ይደረግበታል። የመኪና የፍሬን ዘይት በሱቁ መደርደሪያ ላይ ስላለ ብቻ የሚጨምሩበት ሜካኒኮች አሉ፤ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግዱትን ጎማዎች ስለሚበላቸው መሪው ይበላሻል። ዘይቱ የሚሞላው ከላይኛው ፓምፕ ነው። የታችኛው ፓምፕ ክዳን አየር ማስተንፈሻ የሌለው መሆን አለበት፤ አለዚያ የላይኛው ዘይት በክብደቱ ወርዶ በታችኛው ክዳን ይፈስሳል። ዋጋው ጥቂት የሆነ ይህ ድፍን ክዳንም ተለይቶ መታዘዝ ያለበት ዕቃ ነው።

ስለ ሞተሩ መቈጣጠሪያ ነገሩ ከመሪው ይከብዳል። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ካቮዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ማርሹን፣ ሁለተኛው የነዳጁን መጠን ያዝዛል። ሁለተኛ ዘንግ ሲጨመር ካቮዎቹን የሚያያይዙት በሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የላይኛውን ዘንግ ካቮ ከታችኛው ዘንግ ጋር አያይዞ፣ ከታችኛው ወደ ሞተሩ የሚወስድ ነው። በዚህ ጊዜ አንዱ ዘንግ ሲነካ ሁለተኛውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ማን እንደሚያዝ የሚያከራክር ነገር የለም፤ የሁለቱም ዘንጎች አቋም ምንጊዜም አንድ ነውና። ነገር ግን ካቮው በረዘመ መጠን ዘንጉ ይከብዳል፤ ደግሞም የመቈጣጠሪያው ሣጥን ሁሉ ለተጨማሪ ካቮ መያዣ ያለው አይደለም። በታችኛው ስፍራ የቆመ ሕፃን ዘንጉን ቢይዘው የላይኛው ነጂ የሚታገለው ከእርሱ ጋር ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት ከሁለቱም ዘንጎች የወጡትን አራት ካቮዎች ለየብቻቸው እስከ ሞተሩ አድርሶ በዚያ በአንድ መለያ መሣሪያ ላይ የሚያገናኛቸው ነው። ከላይ ሦስተኛ ዕቃ የተባለው በዚህ ላይ ይህ መለያ ነው። ያለ እርሱ አራቱን ካቮ በአንድነት ያሰረ ሜካኒክ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ የሚስቡትን ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠመደ ማለት ነው። መለያው ቢኖርም ሕጉ አንድ ነው፤ ነጂው አንዱን ስፍራ ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የተወውን ዘንግ በዜሮ ማርሽ ማድረግ አለበት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በዚያ ካቮ የለም፤ ዘንጉ መልእክቱን በሽቦ ይልካል፤ ነጂው ስፍራ ሲለውጥ ዘንጉን በዜሮ ማርሽ አድርጎ አንድ ቍልፍ ይጫናል፤ ሥልጣን የያዘው ስፍራም መብራት ይበራለታል። አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ ዘንጉም ለጣት እንኳ አይከብድም። ይሁን እንጂ ባትሪው 12 ቮልት ይሁን 24 ቮልት አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ሲበላሽም የሚመረምረው የሠለጠነ ሰው በአቅራቢያው መኖር አለበት። ባለሙያው ከሩቅ በሚመጣበት ሐይቅ ላይ ለሚሠራ መካከለኛ ጀልባ ካቮው ዛሬም የተሻለ ሳይሆን አይቀርም፤ ካቮ ሲበጠስ የተበጠሰበት ለማንም ይታያል።

ካቮ ሲታዘዝ ልኩ እንደ ጨርቅ ተቈርጦ የሚስተካከል አይደለም። በፋብሪካ በልክ ተሠርቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ቢያጥር አይቀጠልም፣ ቢረዝምም አይቈረጥም። ሜካኒኩ ተራ ገመድ ወስዶ ካቮው በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ፣ በየማዕዘኑ እያጠማዘዘ ዘርግቶ ይለካ። ማጠፊያውም ጠባብ መሆን የለበትም፤ ለተለመደው የሞተር ካቮ ከመታጠፊያው መሐል እስከ ካቮው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት መተው አለበት። ብዙ ፋብሪካዎች ርዝመቱን በጫማ፣ ማለትም በፊት ስለሚቈጥሩ በደብዳቤው ላይ መለኪያው በግልጽ ይጻፍ። 12 ሜትር ሲፈለግ 12 ፊት ከተላከ የመጣው 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የካቮው ጫፍ ለሁሉ ሞተር አንድ አይደለም፤ ለያማሃ የሚገባው ለመርኩሪ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የሞተሩ ሞዴልና የተሠራበት ዓመት፣ ነዳጅ የሚጨምረውም ካቮው ሲገፋ ነው ወይስ ሲሳብ የሚለው ነገር አብሮ ይላካል።

ከኤሌክትሪኩም በኩል ጥቂት ነገሮች አሉ። ሞተሩ ሁለቱም ዘንጎች በዜሮ ማርሽ ካልሆኑ በቀር እንዳይነሣ፣ በሁለቱ ዘንጎች ውስጥ ያሉት የማስነሻ መከልከያዎች ተከታትለው በአንድ መስመር መያያዝ አለባቸው። የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሥልጣን ከየትም ቢሆን፣ ሞተሩ ከሁለቱም ስፍራ ሊጠፋ ይገባዋል። ሁለተኛ የነዳጅ ወይም የዘይት ግፊት ጌጅ የሚጨምር ሰው ደግሞ ከሞተሩ ወይም ከነዳጁ በርሜል ልኩን የሚያስተላልፈውን ሴንሰር አብሮ መለወጥ አለበት። ለአንድ ጌጅ የተሠራ ሴንሰር ለሁለት ጌጅ ሲያገለግል ሁለቱም የውሸት ልክ ያሳያሉ፤ ለሁለት ስፍራ ተብሎ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ። ነዳጁ ሳያልቅ አለቀ፣ ወይም አልቆ ሳለ አለ እያለ የሚያስቸግረው ጌጅ ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቁ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የጣራው መሪ ከዕቃው ዋጋ በላይ የሆነ ሌላ ዋጋ አለው። መዘውሩና ዘንጉ ክብደታቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ነጂ ያለበት ስፍራ ሰው ይስባል። ጎብኝው ፎቶግራፍ ሊያነሣ፣ የነጂውም ወዳጅ ሊያጫውተው ይወጣል፤ ከውኃው በላይ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ አምስት ሰው ሲሰበሰብ ጠባብ የሆነው ጀልባ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዘንበል ይጀምራል። ጣራው ለሰው ተብሎ ካልተሠራ፣ የጀልባውም ስፋት ለዚህ በባለሙያ ካልተመረመረ፣ አስመጪው ሽያጩን ቢያጣም እንኳ ሁለተኛው መሪ ከታች፣ በጎን ወይም በኋላ በኩል እንዲሆን ቢመክር ይሻላል። እንዲህ ያለ ምክር ደንበኛ የሚያሸሽ የሚመስላቸው ነጋዴዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ጀልባው የተገለበጠበት ደንበኛ ግን ከቶ ተመልሶ አይገዛም።

ተከላው ሲያልቅ ሒሳቡ ተጠቃልሎ ከመከፈሉ በፊት ጀልባው በወደቡ ላይ በገመድ እንደ ታሰረ ይፈተናል። የላይኛው ዘንግ በማርሽ ላይ ሳለ ሞተሩ ከታች እንዲነሣ ይሞከራል፤ ከተነሣ ሥራው አልተፈጸመም። ቀጥሎም በተገላቢጦሽ ይሞከራል። አንዱ መዘውር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር ሁለተኛው ዝም ማለቱ ይታያል፤ ዙሩም ተቈጥሮ ይመዘገባል። ሞተሩ በእያንዳንዱ የአደጋ ማጥፊያ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ነጂዎች በየስፍራቸው ሆነው ሥልጣን ሲቀባበሉ፣ ሰጪው «ዜሮ ነው፣ ያዝ» ብሎ በቃል ሳይናገር፣ ተቀባዩም «ይዣለሁ» ብሎ ሳይመልስ መዘውሩን እንዳይለቅ ደጋግመው ይለማመዳሉ። በሁለቱም መንጃ ስፍራዎች ላይ «ይህን ስፍራ ከመልቀቅህ በፊት ዘንጉን ወደ ዜሮ ማርሽ መልስ» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ፣ ውኃ በማያጠፋው ቀለም፣ ነጂው ቁጭ ብሎ በሚያነበው ከፍታ ይለጠፋል።